ባለሀብት ፊት የሚቆም ፒች ዴክ እንዴት ይሰራል? ከሱቅ ደጃፍ እስከ መጨረሻው ስላይድ

ለባለሀብት ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ፒች ዴኬ 27 ገጽ ነበር። ሶስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ቀለሙን፣ አርማውን፣ የፊደሉን ዓይነት ሁሉ ተጨንቄበታለሁ። ስብሰባው ላይ ኢንቨስተሩ አራተኛው ገጽ ላይ አስቆመኝና "ቆይ፣ ብር የሚከፍላችሁ ማነው?" አለኝ። መልሱ 19ኛው ገጽ ላይ ነበር። እዚያ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ብዙ ዴክ አይቻለሁ። አብዛኛው የሚወድቀው በዲዛይን አይደለም። ሰሪው ደንበኛውን በቅርብ ስለማያውቀው ነው፤ ዴኩም ያንን ያሳብቅበታል። ስለዚህ መመሪያውን ከደንበኛ ደጃፍ እጀምራለሁ።

ፒች ዴክ ማለት ስታርትአፕ (አዲስ ሃሳብ ይዞ የተነሳ ጀማሪ ድርጅት) ለኢንቨስተር፣ ማለትም ለባለሀብት፣ የሚያሳየው ከ10 እስከ 15 ገጽ (ስላይድ) ያለው አጭር ማብራሪያ ነው። ስራው ሁለተኛ ቀጠሮ ማስያዝ ነው። ዴክ አይቶ እዚያው ብር የሚቆጥር ሰው የለም፤ ብሩ የሚመጣው ከብዙ ስብሰባ፣ ከሂሳብ ምርመራና ከጠበቃ በኋላ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ሁሉንም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ የመጠቅጠቅ ጭንቀቱ ይቀላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ሱቆችን ከጅምላ አከፋፋዮች ጋር የሚያገናኝ ስታርትአፕ አለን እንበል። ባለሱቁ በስልኩ ያዛል፤ ዘይቱም ሳሙናውም ፓስታውም ሱቁ ድረስ ይመጣለታል። ስለዚህ ስታርትአፕ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የእናንተን ቁጥር እናንተ ናችሁ የምታመጡት።

ላፕቶፕ ከመክፈታችሁ በፊት

30 ደንበኛ በአካል አነጋግሩ። ሱቁ በር ላይ ቁሙ፣ ሚሪንዳ ግዙ፣ ባለሱቁ ሲሰራ እዩ። ስትጠይቁ ስለሆነው ነገር ጠይቁ፦ "ባለፈው ሳምንት እቃ ያመጡት መቼ ነው? በምን ሄዱ? የትራንስፖርትና የተሸካሚ ስንት ከፈሉ? እስኪመለሱ ሱቁን ማን ያዘልዎት?" "አፕ ብንሰራልዎት ይጠቀማሉ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። የእኛ ሰው እንግዳ ማሳፈር አይወድም። "ጎሽ፣ በርቱ ልጆች፣ በጣም ጥሩ ነው" ብሎ ይመርቃችኋል። ምርቃቱን ተቀበሉ፣ እንደ ማስረጃ ግን አትቁጠሩት።

ከዚያ ወረቀት አውጡና 10 ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ለአንድ ስላይድ ርዕስ ይሆናል። "ችግሩ" የሚል ርዕስ ምንም አይናገርም። "ባለሱቅ እቃ ለማምጣት በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁን ይዘጋል" የሚል ርዕስ ግን ብቻውን ታሪክ ነው። አስሩን ዓረፍተ ነገር ለእህታችሁ ወይም ለጎረቤት አንብቡላቸው። ሳያቋርጡ ከገባቸው ዴኩ ግማሹ አልቋል። ግራ ከገባቸው ካንቫን (የዲዛይን መስሪያውን) መክፈት አያስፈልግም፤ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ የታወቀው መንገድ ይሰራል፦ ማን እንደሆናችሁ በአንድ መስመር፣ ችግሩ፣ መፍትሄው፣ ለምን አሁን፣ ገበያው፣ እስካሁን የሰራችሁት፣ ገቢው እንዴት እንደሚመጣ፣ ተወዳዳሪ፣ ቡድኑ፣ የምትጠይቁት ገንዘብ። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። በጣም የምትኮሩበት ነገር ካለ ወደ ፊት አምጡት። 60 ሱቅ ለእናንተ እየከፈለ ከሆነ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይታይ፣ ስምንተኛው ድረስ አይጠበቅ።

ችግሩ፣ መፍትሄውና "ለምን አሁን"

የችግር ስላይድ ላይ አንድ ሰው አሳዩ። ጀሞ አካባቢ ያለች ባለሱቅ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥታ መርካቶ ገብታ፣ እቃ መርጣ፣ ላዳ ወይም አይሱዙ ተጋርታ፣ 7 ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ሱቁ ግማሽ ቀን ዝግ ነው። ያንን ግማሽ ቀን በብር አስሉት። በዚያን ሰዓት የምታጣው ሽያጭ ስንት ነው? የትራንስፖርቱስ? አንድ ሰው ላይ ያለው ኪሳራ በብር ሲታይ ኢንቨስተሩ ራሱ ማባዛት ይጀምራል።

መፍትሄው ላይ ብዙ አትቆዩ። ሶስት የስልክ ስክሪን ፎቶ ይበቃል፦ ስታዝ፣ ሲጫን፣ ሲደርስ። ቪዲዮ ካላችሁ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጥ፣ ከኢንተርኔት ለመክፈት አትሞክሩ። መብራትም ኔትወርክም በዚያች ደቂቃ ሊሄድ ይችላል፤ ስልካችሁ ላይም አንድ ቅጂ ይኑር።

"ለምን አሁን" የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኢንቨስተሩ ግን በልቡ "ይሄ ሃሳብ ጥሩ ከሆነ ከአምስት ዓመት በፊት ለምን አልተሰራም?" እያለ ነው። እኛ አገር መልሱ ብዙ ጊዜ በቅርቡ የተለወጠ ነገር ውስጥ አለ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎቱ ኤምፔሳም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተከተለ። ከዚህ በፊት ከ60 ሱቅ ብር ለመሰብሰብ 60 ጊዜ ጥሬ ገንዘብ መቁጠር ነበረባችሁ። አሁን ባለሱቋ ስልኳ ላይ ትከፍላለች። ለውጡን እንዲህ ከእናንተ ስራ ጋር ካላያያዛችሁት ቀኑን ብቻ መጥቀስ አይጠቅምም።

ገበያው፦ ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ

"ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ህዝብ አላት፤ 1 በመቶውን ብንይዝ..." ይሄን ስላይድ ያላየ ኢንቨስተር የለም፣ ያመነውም የለም። 120 ሚሊዮኑ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ስማርት ስልክ ያለው፣ እናንተ መኪና የምትልኩበት ሰፈር ያለው ስንቱ ነው?

እንዲህ አድርጉ። ሶስት ወረዳ በእግራችሁ ዙሩና ሱቅ ቁጠሩ። 540 አገኛችሁ እንበል፤ በወረዳ በአማካይ 180 ነው። መጀመሪያ በ40 ወረዳ የምትሰሩ ከሆነ 7,200 ሱቅ አለ። አንድ ሱቅ በወር ሶስት ጊዜ ያዛል፣ በአንዱ ትዕዛዝ 15,000 ብር፤ በወር 45,000 ብር ይሆናል። ከአከፋፋዩ የምታገኙት ኮሚሽን 4 በመቶ ከሆነ በወር 1,800 ብር፣ በዓመት 21,600 ብር ነው። በ7,200 ሱቅ ሲባዛ በዓመት ወደ 155 ሚሊዮን ብር ገቢ ይመጣል።

ይሄ ቁጥር ከ"ቢሊዮን ዶላር ገበያ" ያንሳል። ግን ኢንቨስተሩ "180 ከየት መጣ?" ሲላችሁ "ከኮልፌ፣ ከንፋስ ስልክና ከየካ አንዳንድ ወረዳ ዞረን ቆጥረን" ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ይቀየራል። ቀጥሎ ሌሎች ከተሞችን፣ አዳማን፣ ሀዋሳን፣ ባህር ዳርን በሁለተኛ እርከን አሳዩና እለፉ።

እስካሁን የሰራችሁትና የአንድ ሱቅ ሂሳብ

እዚህ ላይ ነው ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ። ኢንቨስተሮች ትራክሽን ይሉታል፤ በአጭሩ "ሰው ተጠቅሞበታል ወይ? ተመልሶስ መጥቷል ወይ?" ማለት ነው። የአፕ ዳውንሎድ፣ የፌስቡክ ላይክ፣ የቴሌግራም ተከታይ ብዛት እዚህ ቦታ የለውም። "60 ሱቆች ከእኛ አዘዋል፤ በሶስተኛው ወር 41ዱ አሁንም ያዛሉ" የሚለው ቦታ አለው። 68 በመቶ ገደማ ነው። የቀሩት 19ኙ ለምን እንደተዉ ደውላችሁ ጠይቁና ያንንም ይዛችሁ ግቡ። "11ዱ ዱቤ ስላልሰጠናቸው ነው የተዉን" የሚል መልስ ከተደበቀ መጥፎ ቁጥር መቶ ጊዜ ይሻላል። የተደበቀው ቁጥር ሰነድ ሲመረመር መውጣቱ አይቀርም፣ ያኔ የሚጠፋው እምነት ነው።

ገና ሽያጭ ካልጀመራችሁስ? ያላችሁን አሳዩ። ለሁለት ሳምንት በቴሌግራም ትዕዛዝ ተቀብላችሁ በራሳችሁ መኪና ካደረሳችሁ ያ ማስረጃ ነው። ከአከፋፋይ ጋር የተፈረመ ስምምነትም ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ የአንድ ሱቅ ሂሳብ። ከአንድ ሱቅ በወር 1,800 ብር ታገኛላችሁ ብለናል። አንድ ማድረስ 350 ብር ቢያስወጣ ሶስቱ 1,050 ብር ነው። 750 ብር ተረፈ። አንድ የሽያጭ ሰራተኛ ከነትራንስፖርቱ በወር 15,000 ብር ቢፈጅና 10 አዲስ ሱቅ ቢያመጣ፣ አንድ ሱቅ ለማምጣት 1,500 ብር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ወር ወጪያችሁን ትመልሳላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ይሄ ሁሉ አንድ ስላይድ ላይ አራት መስመር ነው። አራቱን መስመር ግን መስራቾቹ ሁሉ፣ ኮድ የሚጽፈውም ጭምር፣ በቃላቸው ማወቅ አለባቸው። ነዳጅ ቢጨምርና ማድረሱ 500 ብር ቢገባ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ አስሉት። 300 ብር ብቻ ነው የሚተርፈው። ይሄ ጥያቄ ይመጣል።

ተወዳዳሪ የለንም አትበሉ

ብዙ ዴክ ላይ ምልክት የተደረገበት ሰንጠረዥ አለ፤ እኛ ሁሉም ላይ ራይት፣ ሌሎቹ ሁሉም ላይ ኤክስ። ኢንቨስተር ይሄን አያምንም። በምሳሌያችን ትልቁ ተወዳዳሪ ሌላ አፕ አይደለም። መርካቶ ያለው አከፋፋይ ነው። ባለሱቋን በስሟ ያውቃታል። ለቅሶ ይደርሳታል። ከሁሉ በላይ ዱቤ ይሰጣታል፤ ዘይት ሲጠፋም ለእሷ ደብቆ ያስቀምጥላታል። ይሄንን ሁሉ ትታ ወደ እናንተ የምትመጣበት ምክንያት ምንድነው?

መልሳችሁ በስላይዱ ላይ ይኑር። "ዱቤ አንሰጥም፣ ግን ግማሽ ቀኗን እንመልስላታለን" ሊሆን ይችላል። ወይም "የስድስት ወር የግዢ ታሪኳን ይዘን ከማይክሮፋይናንስ ጋር ብድር እናመቻቻለን" ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቢሆን አከፋፋዩን ካከበራችሁት ኢንቨስተሩ እናንተንም ያከብራችኋል፤ ገበያውን እንደምታውቁት ያያልና።

የቡድን ስላይድ አጭር ይሁን። ፎቶ፣ ስም፣ እና ይሄን ስራ ለምን እናንተ መስራት እንዳለባችሁ የሚያሳይ አንድ መስመር። "ማስተርስ ያላት" ከሚለው "አባቷ መርካቶ 20 ዓመት የነገዱ፣ እሷም የሎጂስቲክስ ስራ የሰራች" የሚለው ይበልጣል። ሙሉ ጊዜውን እዚህ ላይ የሚሰራው ማን እንደሆነ ግልጽ አድርጉ። በመስራቾች መካከል ያለው ድርሻም ዴኩ ከመውጣቱ በፊት በጽሁፍ ይቋጭ። በጓደኝነት "በኋላ እንነጋገራለን" የተባለ ድርሻ ኢንቨስተር ፊት ሲከፈት ጓደኝነቱንም ስራውንም ይጎዳል።

ስንት ነው የምትፈልጉት?

ይሉኝታ የሚይዘን እዚህ ነው። "አብረውን ቢሰሩ ደስ ይለናል" ብሎ የሚያልቅ ዴክ አይቻለሁ። ስንት እንደሚፈልጉ የትም አልተጻፈም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ቁጥሩን ጻፉት።

"12 ሚሊዮን ብር እንፈልጋለን፣ ለ18 ወር ይበቃናል። 5.4 ሚሊዮኑ ደመወዝ፣ 3.6 ሚሊዮኑ ማድረሻና መጋዘን፣ 1.8 ሚሊዮኑ ቴክኖሎጂ፣ 1.2 ሚሊዮኑ ህጋዊ ጉዳይና መጠባበቂያ።" በወር በአማካይ 667,000 ብር ገደማ ነው። አንድ ሱቅ 750 ብር ካስተረፈ 900 ሱቅ ላይ 675,000 ብር ይገባል። ስለዚህ "በዚህ ገንዘብ 900 ሱቅ እንደርሳለን፣ እዚያ ላይ ወጪያችንን ራሳችን እንሸፍናለን" ማለት ትችላላችሁ። ገንዘቡ፣ ጊዜውና የሚደረስበት ቦታ ሲገጣጠሙ ጥያቄው ጠንካራ ይሆናል።

ድርሻውን በተመለከተ አንድ ስሌት ያዙ። ለ12 ሚሊዮን ብር 15 በመቶ ከሰጣችሁ ድርጅቱ ከገንዘቡ ጋር 80 ሚሊዮን፣ ከገንዘቡ በፊት 68 ሚሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳያምታቱ መናገር ግድ ነው። ግምቱን ስላይዱ ላይ መጻፍ ግን አልመክርም። የገንዘቡን መጠን ጻፉ፣ ግምቱን ለውይይት አቆዩት።

ኢንቨስተሩ በዶላር የሚያስብ ከሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 12 ሚሊዮን ብር በ57 ሂሳብ ወደ 210,000 ዶላር ነው፣ በ110 ሂሳብ ግን 109,000 ገደማ። ገቢያችሁ በብር ከሆነ ኢንቨስተሩ ይሄን ስጋት ያነሳዋል። እናንተ ቀድማችሁ አንሱት፦ ወጪያችን ስንት በመቶው በዶላር ነው፣ ሰርቨርና ሶፍትዌር ስንት ይወስዳል፣ የእቃ ዋጋ ሲጨምር ኮሚሽናችን አብሮ ይጨምራል ወይ? 4 በመቶ የምትወስዱ ከሆነ ይጨምራል። ይሄ ለእናንተ ጥሩ መልስ ነው።

ህጋዊ ቁመናችሁን ከኋላ በአባሪ ገጽ አስቀምጡ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ህግ ለአንድ ሰው ብቻ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ማቋቋምን ፈቅዷል፤ ብቻችሁን ከጀመራችሁ ይሄ ይጠቅማችኋል። የውጭ ባለሀብት ከሆነ ደግሞ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ሲሆን 150,000 ዶላር ካፒታል ይጠይቃል። 20,000 ዶላር ሊያስገባ የሚፈልግ የውጭ ሰው ታዲያ በቀጥታ ባለድርሻ መሆን ይከብደዋል። ብዙዎች እንደ አሜሪካዋ ዴላዌር ግዛት ባሉ ቦታዎች ወላጅ ኩባንያ የሚያቋቁሙበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ያለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር መብት አለው። ከመፈረማችሁ በፊት የኩባንያ ህግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።

መላክና ማቅረብ ይለያያሉ

ዶክሴንድ የተባለው የሰነድ መላኪያ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ኢንቨስተሮች አንድ ዴክ ላይ የሚያሳልፉት በአማካይ 3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ስሩ። በኢሜይል የሚላከው እናንተ በሌላችሁበት ራሱን የሚያስረዳ፣ ትንሽ ጽሁፍ ያለው። ቆማችሁ የምታቀርቡት ደግሞ ጥቂት ቃል፣ ትልቅ ፊደል ያለው። አሜሪካዊው ኢንቨስተርና ጸሐፊ ጋይ ካዋሳኪ 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ መጠኑ ከ30 ነጥብ ያላነሰ ፊደል የሚል ደንብ አለው፤ ለሚቀርበው ቅጂ ዛሬም ይሰራል።

በአማርኛ ማቅረብ ይቻላል ወይ? ለአገር ውስጥ ነጋዴ አዎ፣ እንዲያውም ይመረጣል። ግን ፋይሉን ሁልጊዜ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። የሰውዬው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደላችሁ ከሌለ ጽሁፉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ለውጭ ሰው የምትልኩት ግራፍ ላይ ደግሞ ወሩንም ዓመቱንም በእነሱ አቆጣጠር አድርጉት። በእኛ አቆጣጠር "2017" ብላችሁ የጻፋችሁት ሽያጭ እሱ ጋ የድሮ ታሪክ ይመስላል። የዙም ቀጠሮም ላይ "3 ሰዓት" ስትሉ የማን 3 ሰዓት እንደሆነ ጻፉ።

የምስጢር ስምምነት ካልተፈረመ ዴክ አንልክም አትበሉ። ብዙ ኢንቨስተሮች ለመጀመሪያ ዴክ አይፈርሙም። የሚያሰጋችሁን ነገር፣ ለምሳሌ የአከፋፋዮችን ስም ዝርዝር፣ ዴኩ ውስጥ አታስገቡት፣ በቃ።

ከማቅረባችሁ በፊት 10 ጊዜ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ፣ ሰዓት ይዛችሁ። 20 ደቂቃ ከተሰጣችሁ በ10 ጨርሱ። የቀረው ለጥያቄ ነው፣ ጥያቄው ላይ ነው የሚወሰነው። መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ "አላየነውም፤ እስከ ሐሙስ እንልክልዎታለን" በሉና ሐሙስ ላኩ።

ከስብሰባው እንደወጣችሁ፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን፣ የተጠየቃችሁትን ሁሉ ቃል በቃል ጻፉት። በማግስቱ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ምስጋና፣ የተጠየቀው ቁጥር፣ ቀጣዩ ቀጠሮ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን ጠይቁና ያንንም መዝግቡ። ቤት ለእንግዳ የሚያከራዩበት የኤርቢኤንቢ ድረ ገጽ መስራቾች በ2008 እ.ኤ.አ. 150,000 ዶላር ሲፈልጉ ከተዋወቋቸው ሰባት ኢንቨስተሮች አምስቱ እምቢ ብለው ጻፉላቸው፣ ሁለቱ መልስም አልሰጡም። መስራቹ ብራያን ቼስኪ ኢሜይሎቹን በኋላ ይፋ አድርጓቸዋል፤ አንደኛው ገበያው ሰፊ አልመሰለንም የሚል ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሶስት ሰው ከመጣ ዴኩ ውስጥ አንድ ስላይድ ይጎድላል ወይም ግልጽ አይደለም ማለት ነው። እሱን አስተካክሉና ፋይሉን በአዲስ ቀን ስም ሰጥታችሁ ለአራተኛው ላኩ።